ፊደሉ ወይስ ቀለበቱ

ክሪክ የሰማያዊዋን መኪና የሞተር ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ ታውቀዋለች። ከመቶ መኪና መካከል ለይተሽ አውጪ ቢሏት አትስትም። ያን ቀን ረፋድ ላይም ገና እንደሰማችው የያዘችውን ጎማ መሬት ላይ ለቀቀችው፤ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች፤ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። ከኮምፕረሰሩ ጀርባ ሆነው ይህን ሁሉ ያዩት አባቷ፣ «ደንበኛ መጣ መሰለኝ» አሉ፣ ሳቃቸውን በሳል እየሸፈኑ።

መኪናዋ በር ላይ ቆመች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚከፈተው በመሪው በኩል ያለው በር ብቻ ነበር። ያን ቀን ሁለቱም በሮች ተከፈቱ።

በወዲያኛው በር የወጣችው ሴት ረጅም ናት። ግራጫ ኮት ለብሳለች። የጫማዋ ተረከዝ ቀጭን ስለሆነ ዘይት የጠጣውን መሬት እየመረጠች ነው የምትረግጠው። እሱ ከመሪው በኩል ወርዶ፣ ዞሮ ሄዶ ክንዷን ያዘላት። እንዳያዳልጣት ነው፤ ጎማ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ለማንም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ክሪክ ግን ዓይኗን ከዚያ ክንድ ላይ መንቀል አቃታት።

ክሪክ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ገና ልጅ እግር ሳለች አንዲት መኪና ከፍ አድርጎ ከያዛት ማንሻ፣ ከክሪኩ ላይ ተንሸራትታ አባቷ ላይ ልታርፍ ስትል፣ ትከሻዋን ከሥር አስገብታ እሳቸው እስኪወጡ ድረስ ደግፋ ይዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም። አባቷ ጎሚስታ ናቸው፤ እሷም ጎሚስታ ናት። ጎማ ትፈታለች፣ ትለጥፋለች፣ ትነፋለች፣ መልሳ ታስራለች። ጣቶቿ ላይ የሰፈረው ጥቁር በሳሙናም በላምባም አይለቅም።

እሱ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው። ያደገው በሩን ዘበኛ በሚከፍተው ግቢ ውስጥ ነው። ሰማያዊዋን መኪና ያወረሱት አጎቱ ናቸው፤ ሁለት በር ያላት፣ ፊቷ በሚያብረቀርቅ ብረት የተከበበ፣ በዕድሜ ከእሱ የምትበልጥ አሮጌ መኪና። ሞተሯን ሌላ ጋራዥ አሠርቶ፣ ቀለሟን አስቀብቶ፣ የቀራት ጎማ ብቻ ሆኖ ነው ወደ ክሪክ ይዟት የመጣው። ያኔ ክረምቱ መግባቱ ነበር።

እንዲህ ላሉ አሮጌ መኪኖች የሚያምረው ጎማ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስም በትላልቅ ነጭ ፊደላት የተጻፈበት ነው፤ መኪናዋን የእሽቅድምድም ያስመስላታል። ሁለተኛው ጎኑን ዙሪያውን ነጭ ቀለበት የከበበው ነው፤ እሱ እንደ ሙሽራ ያስጌጣታል። ሁለቱም አስመጪው መጋዘን ውስጥ ነበሩ። የቀረው «ይሄኛው ይሁን» ማለት ብቻ ነበር።

«ፊደሉ» አለ እሱ የመጀመሪያው ቀን።

«ቀለበቱ» አለች እሷ።

«ፊደሉ ጮሌ ያደርጋታል።»

«ይህች መኪና ወግ ያላት ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ስም ለጥፈህ አደባባይ ልታወጣት ነው?»

«ቀለበቱ ጭቃ ሲነካውስ?»

«ታጥበዋለሃ! ጠዋት ማታ ጥርሳችሁን አጽዱ እያልክ ሰው የምታሰቃየው አንተ አይደለህ?»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ክረምቱን ከረሙ። ዛሬ ሥዕሉን ላየው ብሎ ይመጣል፤ ነገ ልኩን አልለካሁም ብሎ ይመጣል። «ዶክተር፣ እርስዎ» ያለችው ሰው «አንተ» የሆነው መቼ እንደሆነ ራሷም አታውቅም። አንድ ቀን እንዲያውም፣ በዓይኑ አይቶ እንዲወስን ብላ፣ በአሮጌው ጥቁር ጎማ ላይ በጠመኔ ነጭ ቀለበት ሠራችለት። እሱ ጠመኔውን ተቀበላትና ከኋላው ጎማ ፊት ተቀመጠ። የፋብሪካ ስም ይጽፋል ብላ ስትጠብቅ፣ ዙሪያውን በትላልቅ ፊደላት «ክሪክ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያም ሳያጠፋው ሞተር አስነሥቶ ሄደ። ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ስሟ በከተማው መንገድ ሁሉ ሲሽከረከር ዋለ። እሷ ያን ሌሊት ፈገግ እንዳለች ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

እና አሁን፣ ይህች ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት የጎማዎቹ ሥዕል ያለበትን ካታሎግ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ይዛለች።

«ጠበቃ ናት» አለ እሱ፣ ምን ብሎ እንደሚያስተዋውቃት የጠፋው ይመስል። «የቤተሰብ ወዳጅ ነች።»

«እህቱ ልታገባ ነው» አለች ጠበቃዋ ለክሪክ፣ በትሕትና። «ሙሽራዋን ይዛ የምትሄደው ይህች መኪና ናት። እናቱ በእነዚህ በተበሉ ጎማዎች ልጄን አላሳፍርም ብለዋል። ስለዚህ ምርጫው ዛሬ ይለቅ።» ገጹን ገለጠች። አንዴ አየች። «ቀለበቱ ነው እንጂ። ምኑ ያጠራጥራል?»

እሱ ክሪክን አያት። ከዚያ መሬቱን አየ። ከዚያም፣ «እሺ» አለ። «ቀለበቱ ይሁን።»

በአንድ ቃል! ክረምቱን ሙሉ ስትለምነው፣ ስትከራከረው፣ ስትቆጣው፣ ስትስቅበት እምቢ ያላትን ነገር፣ ይህች ሴት በአንድ ቃል እሺ አስባለችው።

«እርስዎ እንዳሉ ዶክተር» አለች ክሪክ።

«እርስዎ?» አለ እሱ ደንግጦ።

እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምንም ያልጎደለበትን ጎማ እንደገና ትነፋ ጀመር። የኮምፕረሰሩ ጩኸት ጥሩ ነው። ሰው በውስጡ የሚለውን አያሰማም።

* * *

ቅናት ሰውን ቤቱ አያስቀምጥም። በሁለተኛው ቀን ክሪክ አባቷን፣ «ጥርሴን አሞኛል፤ ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ» አለቻቸው።

«የትኛውን?»

«የግራውን።»

«ጠዋት ቀኝ ጉንጭሽን ነበር የያዝሽው።»

«ዞረብኝ አባዬ» አለችና ወጣች።

ጉንጯን በሻሽ አስራ፣ ያላትን አንድ ደህና ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ደብቃ ሄደች። ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ መጋረጃው። እዚያ ነጭነት መሃል ጥፍሮቿ ከወትሮው ይበልጥ የጠቆሩ መሰላት።

እሱ ሲያያት ፊቱ በራ። ወዲያው የሐኪም ፊቱን መለሰ። «ተቀመጪ። አፍሽን ክፈቺ።»

መብራቱ ዓይኗ ላይ በራ። ትንፋሹ ቅርብ ነው። ትንሿን መስታወት አፏ ውስጥ አስገብቶ አንድ በአንድ ያያል።

«ለምንድን ነው እርስዎ ያልሽኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አ... አ...» ከዚህ በላይ በተከፈተ አፍ ምን ይባላል?

«አስቀይሜሽ ነው? በእኔ ላይ ምን አየሽ? ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር።»

«አአ...»

መስታወቱን አወጣው። «ጥርስሽ ጤነኛ ነው። አንድም የተነካ የለም። የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

እዚህ ጋ ልትለው፣ ደረቷን ልታሳየው ምንም አልቀራትም። እጇ ከኪሷ ወጥቶ እየተነሣ ነበር። ያኔ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጠበቃዋ ናት። ዶክተር አላለችውም፤ በቤት ስሙ ጠራችው። አጭርና ለስላሳ ስም ነው፤ ክሪክን አመማት። ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

«ምሳ ረሳኸኝ እኮ። ውይ፣ ታካሚ ይዘሃል፤ ይቅርታ የኔ እህት። ውጭ እጠብቃለሁ።»

አላወቀቻትም! ቱታዋን አውልቃ ቀሚስ ስለለበሰች ብቻ አላወቀቻትም። ከመታወቅ ይልቅ አለመታወቅ እንዲህ ያቆስላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። «ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ይበቃኛል» ብላ ከወንበሩ ዘላ ወረደች። እሱ በስሟ ሲጠራት አልዞረችም።

ጠበቃዋ ተራ መጠበቂያው ጋ ቆማ ስልክ እያናገረች ነበር። «አዎ እትዬ» ትላለች። «ቀለበቱን መርጠናል። ነጩን። በጣም ያምራል፤ እሑድ ሁሉም ሰው ያየዋል። እሱም ወዶታል።»

ክሪክ በሩን ገፍታ ወጣች።

በዚህች ከተማ ውስጥ ቀለበት ሲባል ጎማ ሊታሰባት የሚገባ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ጠበቃዋም የምታወራው ስለዚያው ስለ ጎማው ነበር። የቀና ሰው ግን የሚሰማው የሚፈራውን ነው። ክሪክ የታያት ነጭ ወርቅ ነው፤ የታየቻት ያች ረጅም፣ ንጹሕ፣ ዘይት ነክቷት የማያውቅ ጣት ናት። በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ ጉንጯ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ፈታችና እንባዋን ጠረገችበት። የታመመ ጥርስ ቢኖራት ኖሮ ምንኛ በቀለላት!

* * *

ዓርብ ከሰዓት ጎማዎቹ መጡ፤ ሰማያዊዋ መኪናም ከጠዋት ጀምራ ጎማ ቤቱ ውስጥ ቆማለች። አራቱም አዲስ፣ ጥቁር፣ የላስቲክ ሽታቸው ቤቱን የሚሞላ። በአንደኛው ጎናቸው ነጩ ቀለበት አለ፤ እንዳይቆሽሽ ፋብሪካው ሰማያዊ ነገር ቀብቶበታል፤ በሳሙናና በውሃ ሲታጠብ ነው ነጩ የሚወጣው። ሌላኛው ጎናቸው ግን ጥቁር ብቻ ነው።

ክሪክ የመጀመሪያውን ጎማ አነሣች። በነጩ በኩል ያለውን ጎን በእጇ ዳሰሰችው። ክረምቱን ሙሉ ስትመኘው ነበር። ይህን በሰማያዊዋ መኪና ላይ አስራ፣ አጥባ፣ ወደ ኋላ ሸሽታ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ቆማ ልታየው ነበር። አሁን የምታስረው ሌላ ሴት እንድትቀመጥበት፣ ሌላ ሴት እንድትደነቅበት ነው።

ጎማውን ገለበጠችው። ነጩን ወደ ውስጥ፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጋ ቸርኬው ላይ አስገባችው። ነፋችው። አሰረችው። ከዚያም ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እንደ ሌባ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

አራቱንም ጨርሳ ቀና ስትል አባቷ ከጀርባዋ ቆመዋል።

«ነጩ ወደ ውስጥ ገብቷል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ያያል።»

«ይይ!»

አባቷ ዝቅ ብለው የፈሰሰውን የሳሙና ውሃ በጨርቅ ወለወሉ። «እናትሽ አንድ ጊዜ ቀንታብኝ የሸሚዞቼን ቁልፎች በሙሉ በመቀስ ቆርጣ ጣለቻቸው» አሉ። «አንድም አላስቀረችም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሸሚዜን በመርፌ ቁልፍ ይዤ ሥራ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አላውቅም።»

«እናዬ እኮ ሚስትህ ነበረች አባዬ!» አለች ክሪክ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ሚስት መቅናት ትችላለች። እኔ የእሱ ምኑ ነኝ?»

አባቷ ጨርቁን ጨምቀው፣ ያንኑ የደረቀ ቦታ እንደገና ወለወሉት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም አብረው መጡ። እሱ፣ ጠበቃዋ፣ እና እናትየው። እናትየው ደርባባ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቸርኬዎች አዩ፣ ክሪክን አዩ፣ በመጨረሻም መኪናዋን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። «ሰርግ አልነበረም እንዴ የምንሄደው? ይሄማ የቀብር መኪና ነው።»

እሱ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ። ጥቁሩን ጎን ዳሰሰው። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከሥር አየ። ሲነሣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጠቁሮ ነበር።

«ነጩ ከውስጥ ነው» አለ በቀስታ። «ተሳስተሽ ነው አይደል? ይህ ያጋጥማል።»

መውጫ በር ከፈተላት። አዎ ብትል ያልቃል፤ ይቅርታ ጠይቃ፣ ገልብጣ አስራ ትሸኛቸዋለች። አባቷ ከጀርባዋ ሆነው መፍቻውን አንሥተዋል።

«አልተሳሳትኩም» አለች።

«ምን?»

«ሆን ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቀለበት ስልህ ፊደል አልከኝ። እኔ ስለምንህ ጆሮህ አልገባም፤ እሷ አንድ ጊዜ ስትናገር እሺ አልክ! ይሁን፤ እሱንም ቻልኩት። ግን ለእሷ ጣት ቀለበት መርጠህ ስታበቃ የመኪናህን ቀለበት ደግሞ እኔ በእጄ ላስርልህ? አጥቤ ላነጣልህ? አቃተኝ። እጄ እምቢ አለኝ። በቃ! ከፈለግክ ሌላ ጎማ ቤት ውሰዳት።»

ከውጭ የአንድ ብስክሌት ደወል ተሰማ።

«የምን ጣት?» አለ እሱ። «የምን ቀለበት ነው የምታወሪው?»

ጠበቃዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ነሽ!» አለች። «ጥርሷን ያመማት ልጅ! ስልክ ሳወራ... የኔ እህት፣ እኔ እኮ ለእትዬ የነገርኳቸው ስለዚህ ስለ ጎማው ነው!»

ክሪክ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ፊቷ ጋለ። መዳፎቿን ቱታዋ ላይ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች። ጠበቃዋ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን የክሪክን ዓይን አየችና ሳቋ እዚያው ከንፈሯ ላይ ጠፋ። ወደ እሱ ዞረች።

«እሷ ተናገረች። አሁን አንተ ተናገር።»

እሱ እናቱን አየ። እናቱ ዓይናቸውን አልነቀሉለትም። ከዚያ ክሪክን አያት፤ ከእሷ ላይ ግን ዓይኑን መመለስ አልቻለም።

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምወደው ቀለበቱን ነው» አለ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ፊደል ፊደል ምን አመጣው?»

«እሺ ቀለበቱ ካልኩሽ በማግስቱ ምን ብዬ ልመጣ?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ጎማው ከታሰረ በኋላ ምን ምክንያት አለኝ? የጥርስ ሐኪም ጎማ ቤት ምን ይሠራል? ያን ቀን እሺ ስል ያየሽኝ አስተያየት እስከዛሬ ከዓይኔ አልወጣም። እሺ ያልኩት እናቴን ፈርቼ ነው፤ እህቴን አስቤ ነው። ፈሪ ነኝ። ያልሽውን ሁሉ በዪኝ፤ እርስዎ ብቻ አትበዪኝ።»

«ወይ ጉድ» አሉ እናትየው፤ ለራሳቸው ነው ያሉት።

«እኔ ገብቶኝ ነበር» አለች ጠበቃዋ። ኮቷን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አደረገች። «ለአንድ ጎማ ክረምቱን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ጎማ አይደለም የሚመርጠው። ያን ቀን ዛሬ ይለቅ ብዬ አብሬው የመጣሁት ለዚህ ነው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሲያወራኝ ነበር። እዚህ መጥቶ ሲያስቅሽ አይቶት ኖሯል። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቃት፣ ምን ነገራት እያለ ፍሬን መያዝ እስኪረሳ ድረስ። እኔ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ቀን ቀንቶ አያውቅም። እህቴ፣ እኔም እኮ ሴት ነኝ።»

ይህን ብላ ወጣች። ዘይት የጠጣውን መሬት በዚያ በቀጭን ተረከዝ ብቻዋን አቋረጠችው። ማንም ክንዷን አልያዘላትም።

ክሪክ አሸነፍኩ ብላ መቆም ነበረባት። እግሯ ግን ሳታስበው ተከትሎ ወጣ። ጠበቃዋን ያገኘቻት መንገዱ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት።

«ለምኑ?»

«ጠልቼዎት ነበር።»

«እኔም ጠልቼሻለሁ» አለች ጠበቃዋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «በዚያ በዘይት በተጨማለቀ ቱታሽ ሳይቀር ቀንቻለሁ። እኔ እሱ ፊት ለመቆም ስንት ልብስ እቀያይራለሁ፤ አንቺ በዚህ ቱታ...»

«ይወዱታል?»

ጠበቃዋ የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች። «እናቱን ነው መሰለኝ አብልጬ የወደድኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ የሚለኝ አልነበረም። እሳቸው ልጄ ሲሉኝ ሌላው ሁሉ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።» ታክሲ ቆመ። በሩን ከፍታ ዞር አለች። «እኔ እንዳንቺ ደፍሬ አንድ ነገር ገልብጬ አላውቅም። ነጩን መልሺው፤ ሙሽራዋ ምንም አላጠፋችም።»

ታክሲው ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ክሪክ እዚያው ቆመች። ስትመኘው የነበረው ነገር ሁሉ ከጀርባዋ ቤቱ ውስጥ ይጠብቃታል። የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም፤ ለማታውቃት ሴት ማዘን ነበር።

* * *

ጎማዎቹ እንደገና ተፈቱ። አባቷ አየሩን ያወጣሉ፤ እሷ በብረት ማንሻው ከቸርኬው ትፈለቅቃለች፤ ዶክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ያቀብላል። የሚያቀብለውም ሁሌ የማያስፈልገውን ዕቃ ነው። እናትየው የክሪክ አባት ባመጡላቸው በርጩማ ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሻይ ቀርቦላቸው ነበር፤ አልጠጡትም፤ አልመለሱትምም።

የመጨረሻውን ጎማ ሲያጥቡት ክሪክና እሱ በአንድ ባልዲ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ሰማያዊው ቅብ በአረፋ ታጥቦ እየወረደ፣ ነጩ ቀስ በቀስ ይወጣል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለች ክሪክ። «ወደሃት ነበር?»

ብሩሹን አቆመ። ውሸት ሊነግራት ይችል ነበር።

«አንድ ጊዜ፣ አዎ» አለ። «ገና ተማሪ ሳለሁ። ከዚያ ልማድ ሆነ። ልማዱን ፍቅር ነው እያልኩ ቆየሁ።»

አመማት። እውነቱን ስለነገራት ወደደችው፤ ያም ሆኖ አመማት። ቅናት በአንድ ቀን ታጥቦ የሚወርድ ቅብ አይደለም። «እሺ» አለች፤ ብሩሹን ከእጁ ወስዳ ነጩን እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈተገችው።

«ነገ ከጎኔ ተቀመጪ» አላት በሹክሹክታ።

«ሳይጠሩኝ አልመጣም። የሚጠራው ቤቱ እንጂ አንተ ብቻህን አይደለህም።»

በርጩማው ተንቋቋ። እናትየው ተነሥተው አጠገባቸው መጥተዋል።

«ስሚ ልጅት» አሉ። «እኔ አንቺን አልመረጥኩም። ይህን እወቂው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«የመረጥኳት ልጅ ዛሬ ዓይኔ እያየ ታክሲ ይዛ ሄደች። እንደ ልጄ ነበር የማያት። እሷን ለመርሳት ጊዜ ያስፈልገኛል፤ አንቺን ለመልመድም እንደዚያው።»

«ልክ ነዎት እትዬ።»

«ልክ ነዎት አትበዪኝ፤ ገና አልጨረስኩም።» ልጃቸውን አዩት። ሸሚዙ በአረፋ ርሶ፣ አፍንጫው ላይ ጥቁር ተለጥፎ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። የሆነ ነገር ከፊታቸው ላይ ረገበ። «ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ምን ላድርግ? ነገ በጠዋት ቤት ድረሺ። ልብስ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ደግ። ግን ከፊት አትቀመጪም። ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

እሑድ ጠዋት ሰማያዊዋ መኪና ከትልቁ ግቢ ወጣች። ሙሽራዋ ከኋላ ወንበር ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ለክሪክ ቦታ ለቀቀችላት፤ ወዲያውም ጆሮዋ ጋ ተጠግታ፣ «ወንድሜን ያሳበድሽው አንቺ ነሽ?» ብላ ሳቀች። ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያያል። ነጮቹ ቀለበቶች በፀሐዩ ላይ ይዞራሉ።

እሱ የፊቱን መስታወት ትንሽ ነካ አደረገው። ዓይኖቹ መስታወቱ ውስጥ ዓይኖቿን አገኟቸው። ክሪክ አንገቷን ልትደፋ ፈልጋ አልቻለችም።

«መስታወቱ የተሠራው ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲታይበት ነው» አሉ እናትየው፣ ወደ ፊት እያዩ።

«እያየሁ ነው እማዬ።»

«እኔም እያየሁ ነው።»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ክሪክ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ሰሞኑን ሙሉ በራሷ ደረት ውስጥ ስትሰማው የከረመችው ድምፅ ነው፤ የሚወዱት ሰው ዓይን ወደ ሌላ ሲዞር የሚሰማ ድምፅ። ቀጥ ያለውን አንገታቸውን ከኋላ ሆና አየችው። ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ላይ ገፎታል። እጇን ዘረጋች፤ መሃል መንገድ ላይ ፈራች፤ ከዚያ ሻርፑን አንሥታ ቀስ ብላ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

እናትየው ዞረው አላዩዋትም። ትከሻቸውን ግን አላሸሹም።